ዘርማት ከጎንደር ዝቅ ይላል

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዘዞ ነው። ጄኔቭ ያለችው እህቴ በፈረንጆች ገና ሰሞን እኔን፣ ባለቤቴንና ሁለቱን ልጆቻችንን ዘርማት ወደሚባል የስዊዘርላንድ ተራራማ መንደር ወስዳ ስኪ (በበረዶ ላይ መንሸራተት) ልታስጀምረን ትፈልጋለች። ትልቁ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ትንሿ አራት ሞልቷታል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ከፍታው ነው፤ ትንፋሽ ቢያጥራቸውስ? ባለቤቴ ደግሞ «ስኪ የሐበሻ ነገር አይደለም» ይላል። እርስዎ ልጆችዎን ያሳደጉት እዚያ አገር ስለሆነ ነው የምጠይቅዎት። ምን ይዤ ልሂድ? ምኑንስ ልጠንቀቅ?
የሁለት ልጆች እናት፣ ከአዘዞ

መልስ፦ እህቴ፣ የከፍታውን ነገር ለጊዜው እርሺው። የዘርማት መንደር ያለው 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አዘዞ ያለው አውሮፕላን ማረፊያ እንኳ 2,000 ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረው፣ ጎንደር ፒያሳ ስትደርሺ ደግሞ 2,100ን ታልፊያለሽ። ልጆችሽ ወደ ስኪው መንደር የሚሄዱት ወርደው ነው ማለት ነው። ጀማሪ ሕፃናት የሚለማመዱበት ሱኔጋ 2,288 ሜትር ነው፤ የጎንደር ልጅ እዚያ ትንፋሽ አያጥረውም። የምከለክልሽ አንድ ቦታ ብቻ ነው። በገመድ መኪና በደቂቃዎች ውስጥ ክላይን ማተርሆርን የሚባል ጫፍ ያወጣሉ፤ 3,883 ሜትር ነው፣ ስሜን ተራሮች ላይ ካለው ከሳንቃበር በ600 ሜትር ገደማ ይበልጣል። እህትሽ «እይታው ያምራል» ብትልሽም ትንሿን ይዘሽ እንዳትወጪ።

መፍራት ያለብሽ ብርዱን ነው። በጥር ጠዋት ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ቢሆን ማንም አይገረምም። የኔ ልጅ መጀመሪያ በረዶ ላይ የወጣችው በአራት ዓመቷ ነበር። እናቴ ከዚህ ሠርታ የላከችላትን ቀይ የሱፍ ጓንት አደረግሁላት። አንድ ሰዓት ያህል ስትወድቅ፣ ስትነሣ፣ ስትስቅ ቆየችና ዝም አለች። ልቧን ሰጥታ እየተማረች መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ጓንቱን ሳወልቀው እንደ እንጨት ደርቋል፣ የጣቶቿም ጫፍ ነጭ ሆኗል። ብብቴ ሥር አስገብቼ ሳሞቃት፣ ደሙ ሲመለስ የጮኸችው ጩኸት ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። በረዶ ላይ የሚያለቅስ ልጅ አያሳስብም፤ ዝም ያለውን ልጅ ግን ወዲያው ጓንቱን አውልቀሽ እጁን እዪ።

ስለዚህ ለእያንዳንዳቸው ውሃ የማያስገባ ጓንት ሁለት ሁለት ያስፈልጋቸዋል፣ አራቱ ጣቶች አንድ ላይ የሚገቡበት ዓይነት። ጥጥ ከገላቸው ጋር እንዳይነካካ፤ ላቡን ይዞ ይቀርና ያቀዘቅዛል። ከሥር ሱፍ ወይም ፖሊስተር፣ ከዚያ ፍሊስ የሚባለው ለስላሳ ሙቅ ሹራብ፣ ከላይ ውሃ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ። አዲስ ጃኬት መግዛት የለብሽም፤ ቅዳሜ ገበያ ሳልባጅ ውስጥ ብትፈልጊ አታጪም። ስትመርጪ ገልጠሽ ወገቡን ከውስጥ እዪው፤ በረዶ እንዳይገባ የሚያጠብቅ ባለ ላስቲክ ጨርቅ ካለው የተሠራው ለስኪ ነው። ካልሲ አንድ ብቻ ይልበሱ፣ ረጅምና የሱፍ። ብዙ እናት ለልጇ አዝና ሁለት ትደርባለች፤ ጫማው ውስጥ ይጨማደድና ደም ያግዳል፣ እግሩም ይብስ ይቀዘቅዛል። ጋቢሽንም ያዢ፣ ለማታ።

ከብርዱ ቀጥሎ ፀሐዩ ነው። አዲስ በረዶ ከፀሐይ የሚመጣውን ጎጂ ጨረር እስከ 80 በመቶ ወደ ፊታችን መልሶ ያንጸባርቃል። ቆዳችን ጥቁር ነው ብለሽ አትዘናጊ፣ ክሬም ቀቢያቸው። ዓይናቸውንም በስኪ መነጽር ሸፍኚ። ሄልሜቱን እዚያው ተከራዩ።

ራስሽ ላስተምራቸው እንዳትዪ። የስኪ ትምህርት ቤቶች ከሦስት አራት ዓመት ጀምረው ይቀበላሉ። ትንንሾቹ ዱላ አይዙም፤ የሚንቀሳቀስ ምንጣፍ ላይ ቆመው ወደ ላይ ይወሰዳሉ፣ ሲወርዱ የስኪያቸውን የፊት ጫፍ አቀራርበው ኋላውን ይከፍታሉ። ፒዛ ይሉታል፣ ፍሬኑ እሱ ነው። ሰባት ዓመቱ ልጅ በሳምንት ውስጥ ሰማያዊ ምልክት ያለበትን ቀላሉን መንገድ ሊወርድ ይችላል። ለአራት ዓመቷ ግን በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ አራት እስከ ስድስት ሰዓት ይበቃታል። ከዚያ በኋላ ምሳ፣ እንቅልፍ፣ ከነቃች ሸርተቴ። ሙሉ ቀን የሚያስከፍል ነገር አትግዙላት።

ለዚህም ነው ዘርማት ለእናንተ ብዙ የማይታየኝ። ውብ ነው፣ መኪና አይገባበትም፣ ግን ከሁሉ ውድ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ጀማሪ ደግሞ የሚጠቀመው ከተራራው አንዲቷን ጥግ ብቻ ነው። ሌዛንን የመሰለ ትንሽ መንደር ለጄኔቭም ይቀርባል።

ጊዜውንም ቀይሩት። የፈረንጆች ገና ዋጋው ጣሪያ የሚነካበት ሰሞን ነው፣ ለእኛ ደግሞ ጾመ ነቢያት ነው፤ ተራራ ላይ የሚቀርበው ምግብ ፎንዱውም ራክሌቱም አይብ ነው። ጥምቀትን ፋሲለደስ መዋኛ አክብራችሁ ከጥር 13 በኋላ ብትነሡ፣ የእነሱ ትምህርት ቤቶች የየካቲት ዕረፍት ሳይጀምር፣ ሁዳዴም ሳይገባ ሰፊ ሜዳ ታገኛላችሁ። በእኛ የሚወርደው በረዶ ቆርቆሮ ይደበድባል፤ የእነሱ ሲወርድ ድምፅ የለውም። ልጆቹ መጀመሪያ የሚገርማቸው እሱ ነው።

ወደ ስዊዘርላንድ የሚያስገባውን የሼንገን ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ይቀበላሉ፣ ስለዚህ ሐምሌ ላይ ጀምሪ። ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ለትልቁ ልጅሽ 45 ነው፤ ከስድስት ዓመት በታች አይከፍልም። ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን አለበት፤ ስትገዢ ግን ስኪን ይጨምር እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቂ። ብዙው አይጨምርም፣ ተራራ ላይ ክፉኛ የተጎዳ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ በሄሊኮፕተር ነው የሚወርደው።

ለባለቤትሽ ሮቤል ተክለማርያምን ንገሪው። በ2006 እ.ኤ.አ. ቱሪን ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በክረምት ኦሎምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ሰው ነው፣ በስኪ። በ2010ም ቫንኩቨር ላይ ደግሞታል።

መንገዱ ሰላም ከሆነ ታኅሣሥ ላይ ልጆቹን ልብሱን አልብሰሽ ሳንቃበር አንድ ሌሊት አሳድሪያቸው። ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ተጋግሮ ታገኛላችሁ፤ ጭላዳዎቹን እያዩ ሲሮጡ የማን እጅ ቶሎ እንደሚቀዘቅዝ ያን ጊዜ ታውቂያለሽ። የሁለቱንም እግር በሴንቲሜትር ለክተሽ ለእህትሽ ላኪላት፣ የስኪ ጫማ የሚከራየው በእሱ ነው። ግን ልኬቱን የመጨረሻው ሳምንት ላይ አድርጊው፤ በዚህ ዕድሜ እግራቸው ቶሎ ያድጋል።