ፋብሪካው ሲሄድ ማኅበሩ የት ነበር?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች በአሜሪካ የመኪና ሠራተኞችና በዲትሮይት አካባቢ መዳከም ላይ ያተኮሩ ናቸው። ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነኝ። መምህራችን «ዲትሮይትን የገደላት ሠራተኛ ማኅበሩ ነው፤ ደሞዝ እያስጨመረ ኩባንያዎቹን አራቆታቸው» ብለው አስተማሩን። ጓደኛዬ ደግሞ ጥፋቱ የጃፓን መኪና ነው ይላል። ማን ነው ትክክል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሁለቱም ጊዜውን አላዩትም። የጃፓን መኪና በአሜሪካ መንገድ ላይ የበዛው ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ ነው። ዲትሮይት ከተማ ግን ከ1947 እስከ 1963 ባለው ጊዜ ብቻ 134,000 ያህል የፋብሪካ ሥራ አጥታ ነበር። የነዋሪዋ ቁጥር ጣሪያ የነካው በ1950 ሲሆን 1,849,568 ነበር፤ በ2020 ቆጠራ 639,111 ሆነ። ቁልቁለቱ የተጀመረው እንግዲህ ኩባንያዎቹ ትርፍ በትርፍ በነበሩበት ዘመን ነው።

ሥራው የት ሄደ? አንደኛ፣ ከከተማው ወጣ። የከተማዋ አሮጌ ፋብሪካዎች ባለ ብዙ ፎቅ ነበሩ፤ ተንቀሳቃሹ የመገጣጠሚያ መስመር ግን ረጅም፣ ባለ አንድ ወለል ሕንፃና ሰፊ መሬት ይፈልጋል። ከ1947 እስከ 1958 ጄነራል ሞተርስ፣ ፎርድና ክራይስለር በዲትሮይት ዙሪያ 25 አዳዲስ ፋብሪካዎች ሲሠሩ ሁሉንም የተከሉት ከከተማው ክልል ውጭ ነው። ለጥቁር ሠራተኞች ይህ ድርብ ጉዳት ነበር፤ ሥራው ወደ ሄደበት ሰፈር ተከትለው ቤት እንዳይገዙ ተከልክለዋልና። ሁለተኛ፣ ማሽን ሰውን ተካ። የፎርድ ሩዥ ፋብሪካ በ1945 85,000 ሠራተኛ ነበረው፤ በ1960 30,000 ቀረው። ሦስተኛ፣ ትናንሾቹ ኩባንያዎች ወደቁ፤ ሃድሰን በ1954 ከሌላ ኩባንያ ጋር ተዋህዶ ከዲትሮይት ወጣ፣ የፓካርድ ፋብሪካ በ1956 ተዘጋ።

ማኅበሩስ? የተባበሩት የመኪና ሠራተኞች ማኅበር (ዩኤደብሊው) የተመሠረተው በ1935 ነው። ስሙን የተከለው በሚሺጋኗ ፍሊንት ከተማ ነው፤ ሠራተኞቹ ከታኅሣሥ 30 ቀን 1936 ጀምሮ ፋብሪካው ውስጥ ተቀምጠው 44 ቀን አደሩ፣ ጄነራል ሞተርስም እውቅና ሰጠ። ከጦርነቱ ማግሥት፣ ከ1945 እስከ 1946፣ በኋላ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት የሆነው ዋልተር ሮይተር የመራው የ113 ቀን አድማ የጠየቀው ነገር ዛሬም ሊጤን ይገባዋል፦ ደሞዝ 30 በመቶ ይጨመር፣ የመኪና ዋጋ ግን አይጨመር፤ አንችልም ካላችሁ የሒሳብ መዝገባችሁን ክፈቱ። ኩባንያው በሰዓት 18 ሳንቲም ተኩል ጨመረ፤ መዝገቡን አልከፈተም።

በእኛ እምነት የታሪኩ ማጠፊያ እዚህ ጋ ነው። በ1950 ማኅበሩ ከጄነራል ሞተርስ ጋር የተፈራረመውና «የዲትሮይት ውል» የተባለው የ5 ዓመት የኅብረት ስምምነት ከኑሮ ውድነት ጋር የሚጨምር ደሞዝ፣ ከመንግሥት ጡረታ ጋር ተደምሮ በወር 125 ዶላር የሚደርስ ጡረታና የሕክምና መድን አስገኘ። በምላሹ ምን እንደሚመረት፣ የት እንደሚመረት፣ የትኛው ፋብሪካ እንደሚከፈት ወይም እንደሚዘጋ የሚወስነው ኩባንያው ብቻ ሆኖ ቀረ። ማኅበሩ በሥራው ዋጋ ላይ ተደራደረ፤ በሥራው አድራሻ ላይ አልተደራደረም። ፋብሪካዎቹ ከተማዋን ለቀው ሲወጡ በእጁ የነበረው ወረቀት ስለዚህ የሚለው ነገር አልነበረም።

ሁለተኛው መዘዝ ዘግይቶ መጣ። ሮይተር ራሱ ሕክምናው በመንግሥት ለሁሉም ዜጋ እንዲሆን ይፈልግ ነበር፤ ያ ስላልተሳካ ጡረታውም ሕክምናውም በኩባንያው ትከሻ ላይ ተጫነ። ኩባንያ ሲያድግ ይህ አይከብድም። ሲያንስ ግን ሠራተኛው ይቀንሳል፣ ጡረተኛው አይቀንስም። ጄነራል ሞተርስ በ2004 ለሕክምና ብቻ 5.2 ቢሊዮን ዶላር አውጥቷል፤ የሚያሳክመው 1.1 ሚሊዮን ሰው ነበር፣ አብዛኛው ጡረተኛና ቤተሰብ። ከዲትሮይት ወንዙን ብቻ ተሻግራ ባለችው የካናዳዋ ዊንዘር የሠራተኛውን ሕክምና በዋናነት የሚሸፍነው መንግሥት ነው። እዚያም ማኅበር ነበረ፣ እዚያም ደሞዙ ጥሩ ነበር።

ለመምህርዎ ሊያቀርቡት የሚገባ አንድ ማስረጃ አለ። በካሊፎርኒያ ፍሪሞንት ከተማ የነበረው የጄነራል ሞተርስ ፋብሪካ ሥራ በመቅረትና በጥራት ጉድለት ስሙ የጠፋ ነበር፤ በ1982 ተዘጋ። በ1984 ኑሚ በሚል ስም ከቶዮታ ጋር በሽርክና ሲከፈት ከተቀጠሩት አብዛኞቹ ያው የድሮዎቹ ሠራተኞች ነበሩ፣ ማኅበሩም ያው ዩኤደብሊው። አመራሩን የያዘው ቶዮታ ነው። ማንኛውም ሠራተኛ ጉድለት ሲያይ ገመድ ጎትቶ መስመሩን እንዲያስቆም ተፈቀደለት። ብዙም ሳይቆይ ጥራቱ በአሜሪካ ካሉት የጄነራል ሞተርስ ፋብሪካዎች ሁሉ በላጭ ሆነ። ሰዎቹም ማኅበሩም ሳይለወጡ ውጤቱ ከተለወጠ፣ ጥያቄው ወደ አመራሩ መዞር አለበት።

ይህ ማለት ማኅበሩ አላጠፋም ማለት አይደለም። በየፋብሪካው የሥራ መደቡ እጅግ ስለተከፋፈለ አንዱ የሌላውን መሣሪያ መንካት አይችልም ነበር፤ አነስተኛ ብልሽት እንኳ የሚመለከተው መደብ ባለሙያ እስኪመጣ መስመር ያስቆም ነበር። ከ1984 እስከ 2009 የቆየው «የሥራ ባንክ» ሥራ ላጡ ሠራተኞች ደሞዛቸውን ወደ ሙሉ የቀረበ አድርጎ ይከፍል ነበር፤ ሰውን ከረሃብ አዳነ፣ ከተማውን ግን ሌላ ሥራ አላመጣለትም። ከሁሉ የከፋው የ2007ቱ ስምምነት ነው፤ ነባሩ በሰዓት 28 ዶላር ሲያገኝ አዲሱ በ14 ዶላር ተቀጠረ። አንድ በር ላይ አንድ ሥራ ለሚሠሩ ሁለት ሰዎች ሁለት ዋጋ ከቆረጡ፣ በሚቀጥለው ድርድር አብረው የሚቆሙበትን ምክንያት አስቀድመው አጥፍተዋል።

ጥያቄ፦ «የመሥራት መብት ያለበት ግዛት» ሲባል እሰማለሁ። በጆርጂያ ማኅበር ማቋቋም ክልክል ነው ማለት ነው? (ከአትላንታ)

መልስ፦ አይደለም። ስሙ ያሳስታል። በ1947 የወጣው የታፍት-ሃርትሊ ሕግ ግዛቶች አንድ ነገር እንዲከለክሉ ፈቀደ፦ በማኅበሩ ውል የሚጠቀም ሠራተኛ ሁሉ መዋጮ ወይም ክፍያ ይክፈል የሚል አንቀጽ። በእነዚህ ግዛቶች ማኅበሩ የከፈለውንም ያልከፈለውንም እኩል መወከል ግዴታው ነው፤ ገንዘቡ ግን ከፈቃደኞች ብቻ ይመጣል። አሁን 26 ግዛቶች እንዲህ ናቸው። ሚሺጋን ሕጉን በ2012 አውጥታ ነበር፤ በ2023 ሻረችው፣ ሽረቱም በየካቲት 2024 ሥራ ላይ ዋለ። ቴነሲም ከ26ቱ አንዷ ናት፤ ሆኖም የቻታኑጋ የቮልስዋገን ሠራተኞች በሚያዝያ 2024 በ2,628 ለ985 ድምፅ ማኅበሩን መርጠዋል።

ጥያቄ፦ የመኪና መለዋወጫ በሚያመርት ፋብሪካ ማታ ሺፍት እሠራለሁ። የማኅበር ካርድ እየዞረ ነው። ብፈርም ምን ይደርስብኛል? ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። ሱፐርቫይዘራችን «ማኅበር ከገባ ይዘጋል» ብሎናል። (ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ)

መልስ፦ በመጀመሪያ ካርዱን ያንብቡት። «ማኅበሩ እንዲወክለኝ ፈቅጃለሁ» የሚል መሆን አለበት። ስምዎን፣ ፊርማዎንና ቀኑን በገዛ እጅዎ ይጻፉ፤ ቀን የሌለው ካርድ አይቆጠርም። ከሠራተኛው 30 በመቶ ከፈረመ ማኅበሩ ለብሔራዊ የሠራተኛ ግንኙነት ቦርድ የምርጫ ማመልከቻ ማስገባት ይችላል። ቦርዱ ካርዶቹን ራሱ ያጣራል እንጂ ለአሠሪው አያሳይም።

30 በመቶ በቂ ነው ብሎ የሚቸኩል አደራጅ ግን ይሸነፋል። ልምድ ያላቸው 60 ወይም 70 በመቶ ሳይሞሉ አያመለክቱም፤ ምክንያቱም ከማመልከቻው እስከ ምርጫው ባሉት ሳምንታት ስብሰባ ይበዛል፣ ወሬ ይበዛል፣ የፈረመ ሰው ሁሉ «አዎ» ብሎ አይመርጥም። ቮልስዋገን ላይ በ2014 ማኅበሩ አብዛኛው ሠራተኛ ፈርሞልኛል ብሎ ነበር፤ ምርጫውን በ712 ለ626 ተሸነፈ። የፈረሙ ብቻ ሳይሆን በምሳ ክፍል በግልጽ የሚናገሩ ሰዎች በየሺፍቱና በየመስመሩ እንዳሉ ይመልከቱ። የማታ ሺፍት ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነው።

ሱፐርቫይዘሩ ያለው ነገር ሁለት መልክ አለው። «ማኅበር የሚያስፈልጋችሁ አይመስለንም» ማለት አስተያየት ነው፣ ይፈቀዳል። «ከገባ ይዘጋል» ማለት ግን ማስፈራራት ነው፤ ሕጉ ይከለክላል። ማን እንደፈረመ መጠየቅ፣ ሠራተኛ መሰለል፣ «ካልመረጣችሁ ደሞዝ እንጨምራለን» ብሎ ቃል መግባትም ክልክል ነው። ወዲያውኑ ይጻፉት፦ ቀን፣ ሰዓት፣ የተነገረው ቃል እንዳለ፣ አጠገብ የነበሩ ሰዎች። ለቦርዱ ክስ ለማቅረብ ጠበቃም ክፍያም አያስፈልግም፤ ጊዜው ግን 6 ወር ነው። «ትንሽ እንይ» እያሉ 6 ወሩን የሚያሳልፉ ብዙ ናቸው፣ ከዚያ በኋላ መዝገብ አይከፈትም።

በእረፍት ሰዓት በምሳ ክፍልና በመኪና ማቆሚያ ስለ ማኅበር መነጋገርና ወረቀት ማደል መብትዎ ነው። ደሞዝዎን ለሥራ ባልደረባ መናገርም እንዲሁ፤ «ስለ ደሞዝ ማውራት ክልክል ነው» የሚል የኩባንያ ደንብ ሕጋዊ አይደለም። ሰው የመቅጠር፣ የማባረርና የመቅጣት ሥልጣን ያላቸው አለቆች ግን በዚህ ሕግ አይጠበቁም፤ ስለዚህ የመስመር መሪ ከሆኑ ሥልጣንዎ በወረቀት ምን እንደሚል ያጣሩ።

ግሪን ካርድ ያለው ሰው በዚህ ሕግ ከዜጋ እኩል ነው። የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሠራተኛም የመደራጀት መብት አለው፤ ያለአግባብ ቢባረር ግን፣ በ2002 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰጠው ፍርድ መሠረት፣ ላልሠራበት ጊዜ ደሞዝ አይከፈለውም። ይህን ለጓደኞችዎ ሳይደብቁ ይንገሩ፤ ሰው አደጋውን አውቆ ይወስን።

ምርጫው በሚስጥር ነው፤ አሸናፊው የሚለየው ድምፅ ከሰጡት አብዛኛውን በማግኘት ነው። ቤት የቀረ ሰው ለማንም አይቆጠርም። እንግሊዝኛ የሚቸግራቸው ሠራተኞች ካሉ ማስታወቂያውና የድምፅ መስጫው በቋንቋቸው እንዲዘጋጅ መጠየቅ ይቻላል፤ አደራጁ ገና ማመልከቻው ሲገባ እንዲያነሳው ያሳስቡ። ከተሸነፉ ምርጫው በተደረገበት የሠራተኞች ክፍል ለ12 ወር ሌላ ምርጫ አይደረግም።

መዋጮ የሚጀምረው ውል ተደራድራችሁ በድምፅ ካጸደቃችሁ በኋላ ነው። ዩኤደብሊው በ2014 መዋጮውን ከወር የ2 ሰዓት ደሞዝ ወደ 2 ሰዓት ተኩል አሳድጎታል፤ በሰዓት 20 ዶላር ለሚያገኝ ሰው በዚህ ስሌት በወር 50 ዶላር ነው። ምርጫ ማሸነፍም ውል ማግኘት አይደለም። አሠሪው በቅን ልቦና እንዲደራደር ይገደዳል፣ እንዲስማማ አይገደድም፤ የመጀመሪያው ውል ከዓመት በላይ መፍጀቱ የተለመደ ነው። በዚህ መሃል ነው ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው፣ ስለዚህ ኮሚቴው ከምርጫው ማግሥት እንዳይበተን።

ማኅበሩ ከገባ በኋላ ወደ ቢሮ ተጠርተው ቅጣት ሊያስከትል የሚችል ጥያቄ ቢጠየቁ «የማኅበር ተወካዬ ይገኝልኝ» ይበሉ። መብቱ የሚሠራው እርስዎ ራስዎ ሲጠይቁ ነው፤ አሠሪው የማስታወስ ግዴታ የለበትም።

ጥያቄ፦ የአክስቴ ልጅ ቶሌዶ የጂፕ ፋብሪካ ይሠራል፤ በ2023 አድማ ላይ ነበር። ለምን ሁሉም ፋብሪካ በአንድ ቀን አልቆመም? ያ ቢሆን ኩባንያዎቹ ቶሎ አይንበረከኩም ነበር? (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ ሒሳቡን እንሥራው። ዩኤደብሊው በአድማ ላይ ላለ ሠራተኛ በሳምንት 500 ዶላር ይከፍል ነበር፤ ፈንዱ ወደ 825 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋ ነበር። በሦስቱ ኩባንያዎች (ጄነራል ሞተርስ፣ ፎርድና የክራይስለርና የጂፕ ባለቤት ስቴላንቲስ) 146,000 ያህል አባላት ነበሩ። ሁሉም በአንድ ቀን ቢወጡ በሳምንት 73 ሚሊዮን ዶላር ይወጣል፤ ፈንዱ 11 ሳምንት አካባቢ ያልቃል። መስከረም 15 ቀን ግን የዌንትዝቪል፣ የዌይንና የቶሌዶ ፋብሪካዎች ብቻ ሲቆሙ የወጡት 13,000 ያህል ነበሩ፤ ወጪው በሳምንት 6.5 ሚሊዮን። ከዚያ በየሳምንቱ ማን እንደሚጨመር ኩባንያዎቹ አያውቁም ነበር። መስከረም 22 ቀን የጄነራል ሞተርስና የስቴላንቲስ 38 የመለዋወጫ ማከፋፈያዎች ተጨመሩ፤ ጥቅምት 11 ቀን ደግሞ ትልቁን ትርፍ የሚያስገባው በሉዊቪል የሚገኘው የፎርድ የጭነት መኪና ፋብሪካ ቆመ፤ 8,700 ሰው።

ጥቂት ቦታ አቁሞ ብዙ መዝጋት ፍሊንት በ1998 የሞከረችው ነው። በሁለት ፋብሪካዎች 9,200 ሰው ለ54 ቀን ሲያቆም የጄነራል ሞተርስ የሰሜን አሜሪካ ምርት ከሞላ ጎደል ቆመ። ግን ያተረፈው ውል ፋብሪካ የሚያስቀር አልነበረም፤ በማግሥቱ ዓመት የፍሊንት ቡዊክ ሲቲ ፋብሪካ ተዘጋ። በ1978 በፍሊንት አካባቢ 80,000 ያህል የነበረው የጄነራል ሞተርስ ሠራተኛ ከዚያ በኋላም እየተመናመነ ሄደ።

የ2023ቱ አድማ 25 በመቶ ጭማሪና የኑሮ ውድነት ማስተካከያውን መልሷል፤ ወደ ከፍተኛው ደሞዝ ለመድረስ ይፈጅ የነበረውን 8 ዓመት ወደ 3 አውርዷል። እኛ ግን ከፍ አድርገን የምናየው ሌላውን ነው፦ ኩባንያው ፋብሪካ ሊዘጋ ሲል ማኅበሩ አድማ የመምታት መብት አገኘ። በ1950 ከጠረጴዛው የተነሳው ጥያቄ በ73 ዓመቱ ተመለሰ። ስቴላንቲስ በየካቲት 2023 ያቆመውን የኢሊኖይ ቤልቪዲር ፋብሪካ እንደገና ለመክፈት የተስማማውም በዚሁ ውል ነው። በ2024 ቀኑን ሲያራዝመው ማኅበሩ ቅሬታ አስመዘገበ፣ አድማ እጠራለሁ አለ፤ በጥር 2025 ኩባንያው ፋብሪካው በ2027 ማምረት እንደሚጀምር አስታወቀ። ውሉ የሚያበቃው ሚያዝያ 30 ቀን 2028 ነው። የአክስትዎ ልጅ እስከዚያ ጥቂት ገንዘብ ቢያስቀምጥ ጥሩ ነው፤ የአድማ ክፍያው በር ላይ ተረኛ ሆኖ ለቆመ ሰው እንጂ ቤት ለተቀመጠ አይሰጥም፣ 500 ዶላርም የቤት ኪራይና የመኪና ዕዳ ላለበት ሰው አይበቃም።