ብርድ ልብሴ ሙዳይ ሆነብኝ
የእጅ ሥራ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ሁሉም ከወሎ የመጡ ናቸው። ጉዳያቸውም አንድ ነው፤ ከመሐል ተጀምሮ በዙር እየሰፋ የሚሄድ፣ ባለ አራት ወይም ባለ ስድስት ማዕዘን የኪሮሽ ብርድ ልብስ። ሙያው በየሰፈሩ የተለያየ ስም ስላለው በቅድሚያ እንግባባ። «ቋሚ» የምንለው ክሩን አንዴ ኪሮሹ ላይ ጠምጥመን፣ ዓይን ውስጥ አስገብተን ስበን፣ ከዚያ ሁለት ሁለቱን ሁለት ጊዜ የምናወጣውን ነው። «ዓይን» የምንለው ኪሮሹ የሚገባበትን፣ በእያንዳንዱ ቋሚ አናት ላይ ያለውን ቀዳዳ ነው፤ «ሰንሰለት» ደግሞ ምንም ውስጥ ሳናስገባ ክሩን ኪሮሹ ላይ ባለው ክር ውስጥ ስበን የምናወጣውን ነው።

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም። ለልጄ አራት ማዕዘን ብርድ ልብስ ጀምሬ 9ኛው ዙር ላይ ደርሻለሁ። ጠረጴዛ ላይ ሳነጥፈው ግን አልተኛ አለኝ፤ ጥግ ጥጉ ተነሥቶ ሙዳይ መስሏል። ጎረቤቴ «ሲታጠብ ይተኛል» ትላለች። እውነት ነው? (ከደሴ፣ ሆጤ)

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም። አብሽሪ፣ ይስተካከላል፤ በማጠብ ግን አይደለም። ስፌት የምትሰፋ ሴት ነገሩን ወዲያው ታውቀዋለች። ሰፌድ የሚተኛው ዙሩ በሰፋ ቁጥር ስፌቱም ስለሚጨመር ነው። መጨመሩ ሲቀር ስንደዶው ወደ ላይ ይቆምና ሙዳይ ይወጣል። የአንቺም ብርድ ልብስ የጎደለው ዓይን ነው።

በቋሚ የሚሠራ አራት ማዕዘን በእያንዳንዱ ዙር በ16 ቋሚ ማደግ አለበት፤ ይህም በየጥጉ 4 ማለት ነው። ስለዚህ ጥጉ ላይ 2 ቋሚ፣ 2 ሰንሰለት፣ 2 ቋሚ ይሠራል፤ በጎኑ ላይ ደግሞ በእያንዳንዱ ዓይን 1 ቋሚ። በመጀመሪያው ዙር የአንድ ጎን ቁጥር 3 ከሆነ ቀጥሎ 7፣ 11፣ 15፣ 19 እያለ ይሄዳል። የትኛውም ዙር ላይ ብትሆኚ የዙሩን ቁጥር በ4 አባዢና 1 ቀንሺ። 9ኛው ዙር ላይ በአንድ ጎን 35 ቋሚ ሊኖርሽ ይገባል። ቁጠሪው፤ 33 ወይም 34 ብታገኚ አይገርመንም።

የጠፋው ዓይን ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ቦታ ላይ ነው። ጥጉን ጨርሰሽ ወደ ጎኑ ስትዞሪ፣ የጎኑ የመጀመሪያ ዓይን አሁን በሠራሻቸው 2 ቋሚዎች ሥር ተጨፍልቆ ይደበቃል። ጥሩ ተከፍቶ የሚታይሽ ሁለተኛው ስለሆነ እጅሽ እሱን ይመርጣል። የጥጉን ቋሚዎች በአውራ ጣትሽ ወደ ቀኝ ገፋ ስታደርጊያቸው ጠባቧ ዓይን ብቅ ትላለች፤ የመጀመሪያው ቋሚ የሚገባው እዚያ ነው። እስኪለመድሽ ድረስ በየዙሩ አንድ ጎን ብቻ ሳይሆን አራቱንም ቁጠሪ፤ አንዱ ጎን ልክ ሆኖ ሌላው ሊጎድል ይችላል።

ቁጥሩ ልክ ሆኖ አሁንም ከተነሣ እጅሽ ይጠብቃል ማለት ነው። በ4 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ ከሆነ የምትሠሪው ወደ 4.5 ወይም 5 ውጪ። ጎኑ ተኝቶ ጥጉ ብቻ ከተጠቀለለ ኪሮሹን ሳትቀይሪ የጥጉን ሰንሰለት ከ2 ወደ 3 አድርጊው። የተገላቢጦሽ ሆኖ ጠርዙ እንደ ሽንሽን ቀሚስ ከተርገበገበ ደግሞ ዓይን በዝቷል። የተለመደው ምክንያት ዙሩ ሲጀመር የሚወጣውን 3 ሰንሰለት እንደ ቋሚ ቆጥሮ፣ ከሥሩ ባለው ዓይን ውስጥ ደግሞ ሌላ ቋሚ መጨመር ነው።

ለጎረቤትሽም እንመልስላት። ውኃ የተጨማደደን ዓይን ይዘረጋል፤ ያልተሠራን ዓይን ግን አያመጣም። ስህተቱ እስከጀመረበት ዙር ድረስ ፍቺው።

ጥያቄ፦ ቁጥሬ ልክ ነው፤ ይተኛልም። ግን አራት ማዕዘኑ ዙሩ በጨመረ ቁጥር ወደ አንድ ወገን እየተጠመዘዘ ይሄዳል። (ከወረኢሉ)

መልስ፦ ሁሉንም ዙር በአንድ ፊት ስለሚሠሩት ነው። የቋሚ አናት ከሥሩ ልክ በላይ አይቀመጥም፤ ትንሽ ያጋድላል። በአንድ ዙር አይታወቅም፤ በ20 ዙር ግን ጥጉን ከቦታው ይገፋዋል። እያንዳንዱን ዙር ዘግተው ሥራውን ይገልብጡትና ቀጣዩን በጀርባው ይሥሩ። አንዱ ያጋደለውን ሌላው ይመልሰዋል። ብርድ ልብሱም ገጽና ጀርባው ተመሳሳይ ይሆናል፤ ለሚገለባበጥ ነገር ይህ ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ ባለ 40 ዙር ብርድ ልብስ ታዝዤ 20 ዙር ስጨርስ 160 ግራም ክር ሄደ። ግማሹን ጨረስኩ ብዬ በድምሩ 320 ግራም እንዲሆን ገዛሁ፤ 29ኛው ዙር ላይ አለቀብኝ። ክሩ ጎድሎ ተመዝኖልኝ ይሆን? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ሻጩን አይውቀሱት፤ ሚዛኑም ልክ ሳይሆን አይቀርም። ከመሐል የሚጀመር ሥራ በዙር ቁጥር ግማሽ ሲደርስ በስፋት ገና ሩብ ነው። ዙሩ በእጥፍ ሲያድግ ክሩ 4 እጥፍ ይፈልጋል። 160 ግራም ለ20 ዙር ከሄደ ለ40 ዙር 640 ግራም ይሄዳል። የመጨረሻው ዙር ብቻውን ወደ 32 ግራም ይበላል። ለጠርዝና ለስህተት አንድ አሥረኛ ጨምረው 700 ግራም ይያዙ፤ ባለ 50 ግራም ጥቅል ከሆነ 14 መሆኑ ነው።

ሁሉንም በአንድ ቀን፣ የሎት ቁጥሩ (አብሮ የተነከረ ክር የሚታወቅበት ቁጥር) አንድ ዓይነት መሆኑን አይተው ይግዙ። ያው ቀለም ተብሎ በሌላ ጊዜ የተነከረ ክር ፀሐይ ላይ ሲወጣ ይለያል። አሁን ላለቀብዎት ግን መላ አለ። በደማቅ ሌላ ቀለም 3 ዙር ይሥሩና ከዚያ በኋላ አዲሱን ክር ያስገቡ። መሐላቸው ቀበቶ ከገባ የሰው ዓይን ልዩነቱን አያወዳድርም። ለደንበኛ ዋጋ ሲነግሩም በዙር አይተምኑ፤ የመጨረሻዎቹ 10 ዙሮች የመጀመሪያዎቹን 20 ዙሮች ክርና ጊዜ እጥፍ ሊወስዱ ምንም አይቀራቸውም።

ጥያቄ፦ ባለ ስድስት ማዕዘን ቁርጥራጭ እየሠራሁ መገጣጠም አምሮኛል። ስንት ይበቃኛል? ጠርዙስ ጥርስ ጥርስ ሆኖ አይቀርም? (ከሐይቅ)

መልስ፦ አንዱ ቁራጭ እንዲህ ይሠራል። ለመነሻ ከክር በተሠራ ቀለበት ውስጥ 2 ቋሚ፣ 1 ሰንሰለት፤ ይህን 6 ጊዜ። ከዚያ በኋላ በየጥጉ ሰንሰለት ውስጥ 1 ቋሚ፣ 1 ሰንሰለት፣ 1 ቋሚ፤ በጎኑ በየዓይኑ 1 ቋሚ። ጎኑ 2፣ 4፣ 6፣ 8፣ 10 እያለ ያድጋል። 5ኛው ዙር ላይ በጠቅላላው 60 ቋሚ ይኖራል። የአራት ማዕዘኑን የጥግ አሠራር እዚህ ካመጡት በዙሩ 24 ቋሚ ይጨመርና ጠርዙ ተርገብግቦ ጎመን ይመስላል።

ራሱም ስድስት ማዕዘን የሆነ ብርድ ልብስ ከፈለጉ በአንዱ ዙሪያ 6፣ ቀጥሎ 12፣ ቀጥሎ 18 ይከባሉ። ድምሩ 7፣ 19፣ 37፣ 61 እያለ ይሄዳል። በመካከለኛ ውፍረት ክር ባለ 5 ዙሩ ቁራጭ ከጎን ወደ ጎን 13 ሳንቲ ሜትር ያህል ከወጣልዎት 37ቱ በመሐል 91፣ 61ዱ ደግሞ 117 ሳንቲ ሜትር ይሰጣሉ። አንድ ሠርተው ይለኩና በራስዎ ልክ ያስሉ። ቀጥ ያለ ጠርዝ ከፈለጉ ጥርሱን የሚሞላው ግማሽ ቁራጭ ነው። እሱ በዙር አይሠራም፤ እየተመላለሱ ነው።

ከመግጠምዎ በፊት ሁሉንም ደራርበው ያስተያዩ። በጣት ስፋት የሚያንስ አንድ ቁራጭ ዙሪያውን ያሉትን 6ቱንም ይሰበስባቸዋል። የመሐሉን ቀለበት የክር ጫፍ 15 ሳንቲ ሜትር አስቀርተው በመርፌ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ይደብቁት። አሳጥረው የቆረጡት እንደሆነ በሦስተኛው እጥበት መሐሉ ይከፈታል።

ጥያቄ፦ በእጅ የተፈተለ የበግ ፀጉር አለኝ። ከገበያ ክር ጋር ቀላቅዬ ብሠራውስ? (ከደላንታ)

መልስ፦ በአንድ ብርድ ልብስ ውስጥ አይቀላቅሉት። የበግ ፀጉር በሙቅ ውኃ ከታሸ ይተሳሰርና ይሰበሰባል፤ ከፕላስቲክ የሚሠራው የገበያ ክር (አክሪሊክ) ግን ባለበት ይቀራል፤ መገናኛው ይጨማደዳል። የፀጉሩን ለብቻው ሠርተው ለብ ባለ ውኃ፣ ሳያሹ፣ እየተጫኑ ብቻ ይጠቡት። ገመድ ላይ አይስቀሉት፤ የራሱ ውኃ ክብደት ይስበዋል። ሰሌን ላይ ዘርግተው ጥጉን በእጅዎ እያቀኑ ያድርቁት። የአክሪሊኩን ደግሞ ካውያ አያስነኩት፤ አንዴ ከቀለጠ ክሩ ይልፈሰፈሳል፣ አይመለስም።