ያስተማሩኝን መምህር በቀልዳቸው ምክንያት ለዲሲፕሊን ላቅርባቸው?

ጤና ይስጥልኝ፣

በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ነኝ። ሦስት የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች በስታቲስቲክስ መምህራቸው ላይ አቤቱታ ይዘው መጡ። መምህሩ የሚድ ፈተና ወረቀት ሲመልሱ አንዷን በስሟ ጠርተው «ሽንኩርት ለመክተፍ ካልኩሌተር አያስፈልግም፤ ምን አደከመሽ?» ብለዋታል። አፉን በሌላ ቋንቋ የፈታ ተማሪ ጥያቄ ሲጠይቅ ደግሞ አነጋገሩን አስመስለው ይደግሙታል፤ ክፍሉ ይስቃል። ልጁ አሁን እጁን ማውጣት ትቷል።

ሳነጋግራቸው «ክፍሉ እንዳይተኛ ነው የምቀልደው፤ የመናገር ነፃነት የለም እንዴ?» አሉኝ። እኔንም ያስተማሩኝ፣ ሙያቸውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰው ናቸው። ባልደረቦቼ «በሽምግልና ጨርሺው» ይሉኛል። ተማሪዎቹ በውጤት እንዳይበቀሏቸው ፈርተዋል። ለመሆኑ በቀልድ ሰው ይቀጣል?

ግራ የገባኝ ኃላፊ

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣

መምህሩ ያነሱት ነፃነት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ተጽፏል፤ የሰው ክብርም በዚያው ሰነድ አንቀጽ 24 ላይ አለ። ስለ ፖለቲካ፣ ስለ መንግሥት ወይም ስለ ሙያቸው ቀልደው አንድ ተማሪ ቅር ቢለው ለዲሲፕሊን መቅረብ የለባቸውም፤ ቀልዱ ለዛ ቢስ ቢሆን እንኳ። ያቺ ተማሪ ግን በስሟ ተጠርታ፣ በሴትነቷ ተዋርዳለች። ውጤቷ በእጃቸው ስለሆነ መልስ መስጠት አትችልም። በእኔ እምነት ይህ ያስጠይቃል።

ከምርመራው በፊት የተማሪዎቹ ውጤት እንዳይነካ ይጠብቁት። አቤቱታው እስከደረሰበት ቀን ድረስ የተሞላውን የምዘና ነጥብ ዝርዝር ዛሬውኑ ከመምህሩ ተቀብለው ቅጂውን ፋይል ያድርጉ፤ በኋላ የተለወጠ ነጥብ ካለ ይታያል። የመጨረሻው ፈተና ወረቀት በስም ፋንታ በኮድ ይሁን፣ ሁለተኛ መምህርም ይረመው። ይህን ለሦስቱ ብቻ ካደረጉት አቤት ባዮቹ እነማን እንደሆኑ ይታወቃል፤ ስለዚህ ለመላው ክፍል ያድርጉት።

አቤቱታው በጽሑፍ ይሁን፤ እያንዳንዱ ተማሪ ለየብቻ ይጻፍ። ቀኑ፣ ኮርሱ፣ የተባለው ቃል እንዳለ፣ በቦታው የነበሩ ሰዎች ይጠቀሱ። ብዙ አቤቱታ የሚወድቀው «ሰደበን፣ ናቀን» ብሎ ቃሉን ሳይጠቅስ ስለሚቀር ነው። ሦስት ወረቀት በአንድ ዓይነት አረፍተ ነገር ከተጻፈ ደግሞ የተመካከሩ ይመስላል። በዕለቱ ክፍል ያልነበረ ተማሪ ለማጠናከር ብሎ ከፈረመ እውነተኛውንም ምስክር ያስጠረጥራል። ውጤት እስኪወጣ አይቆዩ፤ ያኔ ሁሉም ነገር የውጤት ቂም ይባላል።

የድምፅ ቅጂ ያለው ተማሪ ለመርማሪዎቹ ይስጥ እንጂ ቴሌግራም ላይ አይልቀቅ፤ የልጅቷ ስም አብሮ ይዞራል። የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185/2012ን የሚጠቅሱልዎት ሰዎችም ይኖራሉ። አዋጁ በብሮድካስት፣ በኅትመትና በማኅበራዊ ሚዲያ የሚሠራጨውን የሚመለከት ስለሆነ ለዚህ ጉዳይ ትክክለኛው መንገድ አይደለም። የእርስዎ መነሻ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 እና የዩኒቨርሲቲዎ የሴኔት ሕግ (የውስጥ መተዳደሪያው) ነው። የቅጣቱን ደረጃና ሥልጣኑ የማን እንደሆነ ከሴኔቱ ሕግ ላይ ያንብቡ፤ ሥልጣን በሌለው ሰው የተፈረመ ማስጠንቀቂያ በይግባኝ ይሻራል።

መምህሩ የተከሰሱበትን ቃል በጽሑፍ ይወቁ፣ በጽሑፍም ይመልሱ። ድርጊቱ ከተረጋገጠና ከዚህ በፊት ካልተነገራቸው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይበቃል ባይ ነኝ። ደብዳቤው «ሥነ ምግባር ይጠብቁ» ከሚል «ተማሪን በፆታው አያዋርዱ፣ አነጋገሩን አስመስለው አይድገሙ» ቢል ይሻላል፤ ቢደግሙት መከራከሪያ አይኖራቸውም። ከደገሙ ወይም በውጤት ከተበቀሉ ጉዳዩ ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ይሂድ። ቃሉ ወሲባዊ ከሆነ ወይም ከውጤት ጋር ተያይዞ ከተነገረ ግን ማስጠንቀቂያ ሳይጠበቅ በቀጥታ ለኮሚቴውና ለሥርዓተ ፆታ ክፍል ይቅረብ።

በሽምግልናው አልስማማም። የሃያ ዓመት ልጅ ከመምህሯ ፊት ለፊት ተቀምጣ «አባትሽ ናቸው፣ ጉልበታቸውን ሳሚ» ትባላለች፤ ይቅርታ ጠያቂዋ ተበዳይዋ ሆና ትወጣለች። እርቅ ከፈለጉ ከውሳኔው በኋላ፣ ተማሪዎቹ ራሳቸው ሲጠይቁ ብቻ ይሁን። መምህሩም ይቅርታ ሊጠይቁ ከወደዱ ለየብቻ ይሁን፤ በክፍል ፊት ስም ጠርተው ይቅርታ ቢሉ ልጆቹን ዳግመኛ መሳቂያ ያደርጋሉ።

ያስተማሩዎት መሆናቸው ያስጨነቀዎት ይገባኛል፤ መከበርም ይገባቸዋል። እጅዎ የሚከብድዎት ከሆነ ይህንኑ ለዲኑ በደብዳቤ ገልጸው ምርመራውን ሌላ ሰው እንዲይዘው ያድርጉ። የተማሪዎቹን ውጤት የመጠበቁ ሥራ ግን የእርስዎ ነው። ለተማሪዎቹም አቤቱታቸው የደረሰበትንና መልስ የሚያገኙበትን ቀን የያዘ ወረቀት በዚህ ሳምንት ይስጧቸው።