የአሮጌ ባግፓይፕ ውስጡ እንዴት ይለካል? ጠይቁኝ

ጅማ ነው ያለሁት፣ የምኖረው እንጨት እየሠራሁ ነው። ሰሞኑን ዘመድ ከውጭ ያመጣልኝን አሮጌ ባግፓይፕ፣ ያን ስኮትላንዶች ከረጢቱን ብብታቸው ሥር ይዘው የሚነፉትን፣ እየለካሁ ነው ብል ጥያቄው ዘነበብኝ። እዚሁ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለአንድ ቀዳዳ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? ካሊፐር፣ ያ ስፋት መለኪያው፣ አይበቃም?

ካሊፐር አፉን ብቻ ነው የሚያነብልህ ወንድሜ። ዜማው የሚወጣበት ቱቦ፣ ቻንተር የሚሉት፣ ውስጡ እንደ ቀንድ ነው። ላይ ወደ 4 ሚሊሜትር ጠቦ ይጀምርና እየሰፋ ይወርዳል፣ ቅኝቱንም የሚወስነው በአብዛኛው ይሄ አሰፋፉ ነው። የኛ ዋሽንት ግን ሸምበቆ ስለሆነ ከጫፍ ጫፍ ያው ነው ማለት ይቻላል።

ጥያቄ፦ ታዲያ በምን ለኩት?

ከናስ በተቆረጡ ትንንሽ ክቦች። አንዱ ከሌላው በ0.1 ሚሊሜትር ይበልጣል። ክቡን ቀጭን ዘንግ ጫፍ ላይ አስሬ ከሰፊው በኩል ቀስ አድርጌ አስገባለሁ። ሲቆም ዘንጉ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጌ ጥልቀቱን እጽፋለሁ፣ ከዚያ ቀጣዩ። መግፋት የለም! የመጀመሪያዎቹን ከብረት ሠርቼ አንድ ጭረት አስቀርቻለሁ፣ በባትሪ ባየሁት ቁጥር ያመኛል። ጭረቱንም መዝግቤዋለሁ፣ ኋላ የሚያየው ሰው የድሮው ሠሪ ጥፋት እንዳይመስለው።

ጥያቄ፦ ክብ ካልሆነስ?

አሮጌ ከሆነማ ብዙ ጊዜ አይሆንም። እንጨት ሲደርቅ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይኮማተርም፣ ስለዚህ ቀዳዳው ሞላላ ይሆናል። ክቧ የምትነግርህ ጠባቡን ጎን ብቻ ነው። ሰፊውን በሌላ መለኪያ ዘጠና ዲግሪ አዙረህ ትለካለህ። ሁለቱንም ጻፍ። አማካዩን ብቻ ጽፎ የሚያልፍ ሰው በጣም ያናድደኛል።

ጥያቄ፦ ከአጋሮ ነኝ። መጀመሪያ ውስጡን በዘይት ባጸዳውስ?

እባክሽ እህቴ፣ እንዳትነኪው! በመብራት እዪው፣ ፎቶ አንሺ፣ ከዚያ ለኪ። ዘይትም እርጥበትም ንባቡን ይለውጡታል። ደግሞ የኛ ክረምት ታውቂው የለ፣ የሐምሌና የጥር ንባብ አንድ አይሆንም። ቀኑን፣ ሙቀቱንና የአየሩን እርጥበት ከቁጥሩ ጎን አስፍሪ። ሰው ነፍቶት ከሆነም ጥቂት ቀን ይረፍ።

ጥያቄ፦ ድሮኖቹስ?

የሚበሩት አይደሉም ሃሃ። ትከሻ ላይ የሚቆሙት ሦስት ረጃጅም ቱቦዎች ናቸው። ውስጣቸው ቀጥ ያለ ቢሆንም በደረጃ ይሰፋል፣ እያንዳንዱን ክፍል ነቅለህ ለየብቻ ለካ።

ጥያቄ፦ ቁጥሩን ይዤ ቶርኖ ቤት ኮፒ ላሠራ?

ሞክር፣ ግን ሞላላውን እንዳለ ከገለበጥክ እርጅናውንም ገለበጥክ ማለት ነው። እንጨቱም ነገር አለው፣ ባግፓይፕ ሠሪዎቹ በብዛት የሚሠሩበት ጥቁር እንጨት ከታንዛኒያና ከሞዛምቢክ ነው የሚሄደው። ዋንዛ ይለሰልሳል። እኔ በወይራ ጀምሬ የመጀመሪያው ተሰነጠቀብኝ፣ ሁለተኛው አልጋ ሥር እየደረቀ ነው።