አዲስ 4000ዲ ወይስ ያገለገለ 700ዲ?

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ጀማሪ ነኝ፣ ቤተሰብና በዓል ማንሳት እፈልጋለሁ፣ ስለምድ ሰርግም ብሰራ ደስ ይለኛል፣ በያዝኳት ብር አዲስ ካኖን 4000ዲ ልግዛ ወይስ ያገለገለ 700ዲ ነው ያልሽው። እዚህ አብዛኛው ሰው አዲሱን ግዢ ብሎሻል፣ እኔ ግን 700ዲውን ነው የምልሽ፣ ያውም ከሱ ከሚተርፍሽ ላይ አንድ ጥሩ ሌንስ ጨምረሽ።

ሜጋፒክስሉን ተይው፣ ሁለቱም 18 ናቸው። 4000ዲ በ2018 ነው የወጣው 700ዲ ደሞ በ2013፣ ስለዚህ ሰው አዲሱ ይሻላል ይላል፣ ግን 4000ዲ ዋጋው እንዲረክስ ብዙ ነገር ተቀንሶበት የተሰራ ነው። ሌንስ የሚታሰርበት ቀለበቱ ፕላስቲክ ነው፣ ስክሪኑ ትንሽ ነው ጥራቱም ደካማ፣ ማይክ መሰኪያ የለውም። 700ዲ ቀለበቱ ብረት ነው፣ ስክሪኑ ተገልብጦ ወደፈለግሽው ይዞራል፣ በጣት ነክተሽ ፎከስ ታደርጊያለሽ፣ ማይክም ይቀበላል። ሰርግ ካልሽ ደሞ ዋናው ይሄ ነው፦ የካሜራውን አናት፣ ፍላሽ የሚሰካበትን ቦታ እይው፣ መሀሉ ላይ አንዲት ክብ ብረት መኖር አለባት። 4000ዲ እና 2000ዲ ላይ የለችም። ርካሽ የሆኑት ፍላሾች በሷ ብቻ ነው ትእዛዝ የሚቀበሉት፣ እሷ ከሌለች ትሰኪዋለሽ እንጂ አይበራልሽም።

አሁን ስለ ሌንስ ላውራሽ ምክንያቱም እኔ ብዙ ጊዜ ያባከንኩት እዚህ ላይ ነው። እኔም የጀመርኩት ከካሜራው ጋር በሚመጣው 18-55 ሌንስ ነበር፣ ከ18 እስከ 55 ሚሜ ድረስ እየሳብሽ የምታቀርቢበት ማለት ነው። ቀን ውጪ ላይ ምንም አይልም። አንድ የፋሲካ ማታ አክስቴ ቤት ቡና ተፈልቶ፣ ክፍሉ ውስጥ ያለችው አንዲት አምፖል ናት፣ አክስቴ ከጀበናው ስትቀዳ ወደ ሀያ ጊዜ አነሳኋት፣ ቤት ሄጄ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ሲኒዎቹ ጥርት ብለዋል እጇ ግን በሙሉ ጭስ ሆኗል። ካሜራው ተበላሽቷል ብዬ ሁሉ አስቤ ነበር። ነገሩ ሌላ ነው፣ 18-55 ሌንስ 55 ላይ ስትስቢው የሚከፈተው እስከ ኤፍ 5.6 ድረስ ብቻ ነው (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ መጠን ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፣ ብርሀን ስለማይበቃው ሻተሩ፣ ብርሀን ለማስገባት የሚከፈትና የሚዘጋው መጋረጃ፣ ይዘገያል፣ ሻተሩ ሲዘገይ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ይሟሟል። 50ሚሜ ኤፍ 1.8 የምትባለዋ ትንሽ ሌንስ ግን ከዛ ወደ አስር እጥፍ የሚጠጋ ብርሀን ታስገባለች። በዓመቱ በዛችው አምፖል፣ አክስቴም እዛው በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ አነሳኋት፣ የቡናው ክር እንኳን ከጀበናው አፍ እስከ ሲኒው ድረስ ይታያል። እስካሁን ግድግዳዋ ላይ ተሰቅሏል።

አንድ ነገር ግን እወቂ፣ 50ዋ እነዚህ ካሜራዎች ላይ እንደ 80 ነው የምታቀርበው፣ ጠባብ ሳሎን ውስጥ ሙሉ ቤተሰብ ላንሳ ካልሽ ጀርባሽ ግድግዳ ይነካል። ለሱ 18-55ቷን አትሽጫት፣ ወይ ደሞ ብር ስታገኚ የካኖንን 24ሚሜ ኤፍ 2.8 ጨምሪ።

ያገለገለ ስትገዢ ደሞ በጣም ተጠንቀቂ። እኔ አንዴ ሌንስ በማታ ተቀብዬ፣ ከላዩ ጽድት ያለ ነው ብዬ ከፈልኩ፣ ጠዋት ወደ ብርሀን ሳዞረው ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ። ሻጩ ስልክ አላነሳም። ስለዚህ የስልክሽን ባትሪ አብሪና በአንድ በኩል እያበራሽ በሌላ በኩል እይ፣ አጠራጣሪ ክር ካየሽ ተይው። ክረምት ላይ እርጥበት ባለበት ቤት ቦርሳ ውስጥ ተዘግቶ የከረመ ሌንስ እንደዚህ ይሆናል፣ ያንቺም እንዳይሻግት አልፎ አልፎ እያወጣሽ አናፍሺው።

ሚሞሪ ካርድሽን ይዘሽ ሂጂ። ኤፍ 16 ላይ አድርጊና ነጭ ወረቀት ወይ ጠራ ያለ ሰማይ አንሺ፣ ከዛ አጉልተሽ እይ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ሴንሰሩ ላይ፣ ካሜራው ውስጥ ምስሉን የሚቀበለው ነገር ላይ፣ አቧራ አለ ማለት ነው፣ አቧራ ይጠረጋል፣ ሰረዝ ሰረዝ ያለ ጭረት ከሆነ ግን አይጠረግም። ሻተሩ ስንት ጊዜ እንደተነሳበት ጠይቂ፣ 700ዲ ላይ ለማወቅ በገመድ ከኮምፒውተር ጋር መገናኘት አለበት፣ ሻጩ ላፕቶፕ ከሌለው ያንቺን ይዘሽ ሂጂ፣ ወደ 100 ሺህ የተጠጋ ከሆነ ዋጋውን በደንብ አስቀንሺ።

ኒኮን ርካሽ ካገኘሽም መጥፎ አይደለም፣ ብቻ ዲ3000ዎቹና ዲ5000ዎቹ ውስጣቸው የፎከስ ሞተር የላቸውም፣ ሌንሱ ላይ ኤኤፍ-ኤስ (AF-S፣ ሞተሩ ሌንሱ ውስጥ አለ ማለት ነው) የሚል ካልተጻፈ ከመክፈልሽ በፊት ሰክተሽ በራሱ ፎከስ ማድረጉን እይ።

ቀብድ ስጭ ቢሉሽ ሳታዪው እንዳትሰጪ፣ ቀን በብርሀን ተገናኙ፣ ባትሪውን ሞልተው ይዘው ይምጡ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እያነሳሽበት ቆዪ።