«ከሻጭ ኮሚሽን አንወስድም» ሲባል፦ ሳንቲም ለጨረታ ለሚሰጡ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አንዱ አጫራች ድርጅት ከሻጭ ምንም አይቆርጥም፤ ከገዢው ግን በጨረታው ዋጋ ላይ 22 በመቶ ያስከፍላል። ሌላው ከእኔ 5 በመቶ፣ ከገዢው 15 በመቶ ይወስዳል። የመጀመሪያው አይሻለኝም?

መልስ፦ ሌላው ነገር ሁሉ እኩል ከሆነ ሁለተኛው ይሻላል። ብዙ ሻጭ «ከገዢው የሚወስዱት እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ያልፈዋል፤ ኪሳራውም እዚያው ላይ ነው። ልምድ ያለው ተጫራች ጭማሪውን በልቡ ቀንሶ ነው ዋጋ የሚጠራው። ለአንድ ሳንቲም በጠቅላላ 12,000 ሊከፍል የቆረጠ ሰው፣ 22 በመቶ በሚጨመርበት ቤት ከ9,836 በላይ አይጠራም። ኮሚሽን ስለሌለ ያው 9,836 ይደርስዎታል። 15 በመቶ በሚጨመርበት ቤት ግን እስከ 10,434 ይሄዳል፤ 5 በመቶው ሲነሳ 9,912 ይቀርልዎታል። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ግን ያነሰው «በነፃ» የተባለው ነው።

ሒሳቡን ለማንኛውም ድርጅት እንዲህ ይሥሩት፦ ከ100 ላይ የእርስዎን ኮሚሽን ይቀንሱ፣ ውጤቱን 100 ሲደመር የገዢው ጭማሪ ለሚሆነው ያካፍሉ። እዚህ አንዱ 82፣ ሌላው 82.6 በመቶ ይመጣል። ሲደራደሩም «ስንት ትቆርጣላችሁ?» ሳይሆን «ገዢው ከሚከፍለው መቶ ስንቱ ለእኔ ይደርሳል?» ብለው ይጠይቁ። የግማሽ በመቶ ብልጫ ግን ተጫራች ወደሌለበት ቤት አይውሰድዎ። ሳንቲሙን አጥብቀው የሚፈልጉ ሁለት ሰዎች ካልተገናኙ ዝቅተኛ ኮሚሽን ምንም አይፈይድም።

ጥያቄ፦ «10 በመቶ ነው፣ ለሁሉም አንድ ነው» አሉኝ። ማስቀነስ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ሳንቲሙ ከእጅዎ ሳይወጣ ከሆነ። ካስረከቡ በኋላ ድርድር የለም።

አጫራቹ የሚያየው የእያንዳንዱን ሎት (በአንድ ቁጥር ለብቻው የሚጫረተውን ዕቃ) ዋጋ ነው። ፎቶ ማንሳት፣ ለካታሎግ መግለጫ መጻፍ፣ ማሸግና መላክ 50 ለሚያወጣውም 5,000 ለሚያወጣውም ልፋቱ ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ 5,000 የሚያወጡ አሥር ሳንቲሞች የያዘ ሰው፣ 100 የሚያወጡ አምስት መቶ ከያዘው ይልቅ ይደመጣል፤ ጠቅላላ ዋጋቸው እኩል ቢሆንም። የተደባለቀ ስብስብ ካለዎት ውዶቹን ብቻ አስቀድመው አይስጡ፤ ርካሾቹን የሚጎትቱልዎት እነሱ ናቸው።

የእያንዳንዱን አገር፣ የገንዘብ መጠን፣ ዓመት፣ የማተሚያ ቤት ምልክት፣ ክብደትና ስፋት በዝርዝር ይጻፉ። የይዞታው ደረጃ በባለሙያ ድርጅት የወጣለት ከሆነ የምስክር ወረቀቱን ቁጥር ይጨምሩ። የሁለቱን ገጽ ፎቶና፣ ተመሳሳይ ሳንቲም በተመሳሳይ ደረጃ ቀድሞ የተሸጠበትን ዋጋ አያይዘው ለሦስት ድርጅቶች በአንድ ቀን ይላኩ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። «ከ5,000 በላይ ኮሚሽን የለም» ካሉ፣ 5,000ው የአንድ ሎት ነው ወይስ የጠቅላላው? ይህች ጥያቄ ብዙ ገንዘብ ታድናለች።

በጣም ለሚፈለግ ሳንቲም ከዜሮም በታች ይወርዳሉ፤ ከገዢው የሚያገኙትን ያካፍላሉ። «105 በመቶ» ሲባል፣ ጨረታው በ10,000 ተዘግቶ ገዢው ከ20 በመቶ ጭማሪ ጋር 12,000 ቢከፍል፣ ለእርስዎ 10,500፣ ለድርጅቱ 1,500 ይሆናል ማለት ነው። ከዚህ በላይ አልንቀሳቀስም ካሉ፣ ለሳንቲሙ የራሱ ሎት፣ ትልቅ ፎቶና በዋናው ጨረታ ላይ ቦታ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ውሉ ላይ ከኮሚሽኑ ሌላ ምን ልይ?

መልስ፦ መጀመሪያ በሎት ዝቅተኛ ክፍያ መኖሩን። «10 በመቶ፣ ግን ከ25 አያንስም» የሚል ውል በ60 በተሸጠ ሳንቲም ላይ 42 በመቶ ገደማ ይሆናል። ቀጥሎ የፎቶ፣ የኢንሹራንስ፣ ያልተሸጠ ዕቃና ከጨረታ የማውጣት ክፍያዎችን፤ ከዚያም ገንዘቡ በስንት ቀን እንደሚከፈልና ገዢው ሳይከፍል ቢቀር ሳንቲሙ ምን እንደሚሆን። ቅድሚያ ክፍያ ከሰጡዎት ወለዱን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ከመላኬ በፊት ላጽዳው?

መልስ፦ አያጽዱት። በኮምጣጤ፣ በጥርስ ሳሙና፣ በጨርቅም ቢሆን። ያልተነካ ሳንቲም መብራት ሥር ሲያዘነብሉት ብርሃኑ በገጹ ላይ ይዞራል፤ የሚያዞረው ሲታተም ብረቱ ሲፈስ የቀሩት ረቂቅ መስመሮች ናቸው። ማሸት እነዚህን ያጠፋል፣ መልሶ የሚተካቸውም የለም። የሳንቲም ደረጃ አውጪዎቹ ድርጅቶች ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ ከ1 እስከ 70 ባለው መለኪያ ደረጃ ይሰጣሉ፤ መጽዳቱ በግልጽ የሚታይበትን ግን በተለምዶ ቁጥር አይሰጡትም፣ «የተጸዳ» ብለው ነው የሚመልሱት። ደረጃ ማስወጣት ካስፈለገ አጫራቹ ራሱ እንዲልከው፣ ወጪውም ከሽያጩ እንዲነሳ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ከዚህ በታች አይሸጥ የሚል ዋጋ ላስቀምጥ?

መልስ፦ ብዙ ፈላጊ ላለው ሳንቲም አያስፈልግም፤ ዝቅ ያለ መነሻ ተጫራች ይሰበስባል። ፈላጊው ሁለት ሦስት ሰው ብቻ ለሆነ ብርቅ ዕቃ ያስቀምጡ፤ ግን ከግምቱ ዝቅ አድርገው። ሳይሸጥ ከቀረ ክፍያ ሊጠየቁ ይችላሉ፣ ደግሞም ሰብሳቢዎች አይረሱትም።

ጥያቄ፦ 1780 የሚል የማርያ ቴሬዛ ብር አለኝ። ዕድሜው ኮሚሽን አያስቀንስም?

መልስ፦ ንግሥቲቱ የሞተችው በዚያው በ1780 ነው፤ ሳንቲሙ ግን ያንኑ ዓመት እንደያዘ ከዚያ በኋላም በተለያዩ አገሮች በብዛት ታትሟል። የአብዛኛው ዋጋ በውስጡ ካለው 23 ግራም ያህል ንጹህ ብር ብዙም አይርቅም፤ ለአጫራች ሲሰጡት በሎት ዝቅተኛው ክፍያ ይበላዋል። ቀደምቱን ከኋለኛው የሚለዩት በትከሻዋ ላይ ያለው ጌጥ ዕንቁዎችና የንስሩ ጅራት ላባዎች ስለሆኑ፣ እነዚህን ሁለት ቦታዎች በቅርብ አንስተው ይላኩላቸው።