ወንዙስ እንዴት ነው?

በቀደም በመስኖ የተመረቀ አንድ ልጅ ጻፈልኝ። ሶማሌ ክልል፣ ቀላፎ ወረዳ ተመድቧል። «ጋሼ፣ ቋንቋውን አልችልም። አንድ ዓመት ሠርቼ ዝውውር ብጠይቅ ይሻለኛል?» ይላል። ሻንጣውን ሳያዘጋጅ ስለ ዝውውር! የዛሬ ልጆች መመለሻውን ሳታዩ አትነሱም። ልቆጣው ብዕር አነሳሁና ሌላ ነገር ትዝ አለኝ።

እኔ ቀላፎ የገባሁት በ1988 ነው። የአዳባ ልጅ ነኝ፣ ከላይኛው ደጋ። ዋቢ ሸበሌ ለእኔ ከብት ያጠጣሁበት ወንዝ ነው። ያ ውሃ ከባሌና ከአርሲ ተራሮች ወርዶ፣ ኢሚን፣ ጎዴን፣ ቀላፎንና ሙስታሂልን አልፎ ሶማሊያ ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ ባሕር ሳይደርስ ረግረግና አሸዋ ውስጥ ይቀራል። ይህን ሁሉ ተምሬ፣ ፈተና ላይም በትክክል መልሻለሁ።

ቀላፎ ላይ ዝናብ ጠብቆ ማረስ ቁማር ነው። ወይ በሞተር ታጠጣለህ፣ ወይ ጎርፉ ሲሸሽ በተወው እርጥበት ላይ ትዘራለህ። በቆሎ፣ ማሽላ፣ ሰሊጥ፣ ሽንኩርት። አራሾቹ በብዛት ሬር ባሬ የሚባሉ የወንዙ ዳር ሰዎች ናቸው። ጎርፍ ሲበዛ ያለቅሳሉ፣ ሲቀርም ያለቅሳሉ። እኔ ጎርፍን እንደ ጠላት ብቻ ቆጥሬ ነበር የሄድኩት። አንድ ዓመት ሙሉ እየሳቁብኝ አስተማሩኝ።

ገበያው ዳር ሱቅ የነበራቸው ሴት ነበሩ። ኤዶ እላቸው ነበር፤ አክስቴ እንደ ማለት ነው። ለገበሬው ናፍጣና ዘር በዱቤ ይሰጣሉ፣ እሱ ደግሞ ምርት ሲሰበስብ በበቆሎ ይከፍላቸዋል። በቆሎውን መሬት ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ያኖሩታል። ባካር ይሉታል። በደረቁ ወራት ዋጋው ሲወጣ ከፍተው ይሸጣሉ። ስኳር፣ ሩዝና ፓስታ ሶማሊያ ውስጥ ካለችው በለደወይን በኩል ያስመጣሉ። እኛ ቢሮ ቁጭ ብለን ኮንትሮባንድ የምንለው እሱን ነው። ማታ ማታ ግን ያንኑ ፓስታ እንበላ ነበር። ሙፏቸውማ! የበቆሎ ቂጣ ነው፣ በሰሊጥ ዘይት። አዲስ አበባ ብዙ ቦታ ፈልጌ እንደሱ ያለ አላገኘሁም።

ጥቅምት 1990 እናቴ ታማ አዳባ ሄድኩ። ዝናቡ አያባራም። ጥቅምት እኮ ነው! ያልታጨደ ስንዴ ማሳው ላይ ይበሰብሳል። እናቴ ሕመሟን ትታ የምታለቅሰው ለስንዴው ነበር። ስመለስ ድልድዩ ጋ ከመኪና ወርጄ ወንዙን አየሁት። ደፍርሶ፣ ግንድ ተሸክሞ ይጋልባል። «ጉድ ነው!» አልኩና ተመልሼ ተሳፈርኩ።

ቀላፎ ስደርስ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ኤዶ ሱቃቸው በር ላይ ተቀምጠዋል። የሶማሌ ሰላምታ ረጅም ነው፤ ነበድ ማለት ሰላም ነው። ቤተሰብ ነበድ? ነበድ። እናትህ ነበድ? ነበድ። ከዚያ «ወንዙስ እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ነበድ» ብዬ አለፍኩ።

በአራተኛው ሌሊት ውሃው መጣ። ያን ሌሊት እኛ ላይ ጠብታ አልወረደም። የኤልኒኞ ዓመት ነበር፤ ከእኛ በታች ሶማሊያ ውስጥ ብዙ ሕዝብ ያለቀበት ጎርፍ ነው። ሞተሮች ሰመጡ። ባካሮቹ ሞሉ። ውሃው ሲሸሽ የኤዶ በቆሎ አብጦ፣ ሸትቶ፣ ግማሹ በቅሎ ወጣ። በለደወይን ላሉ ነጋዴዎች ዕዳ ነበረባቸው። አራት ቀን ቀድመው ቢሰሙ በአህያ ጋሪ እያመላለሱ ከፍታው ላይ ያወጡት ነበር። በዓይኔ ያየሁትን ብነግራቸው ኖሮ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት እዚያው ቆየሁ። ሻያቸውን ጠጣሁ። አልነገርኳቸውም። አንድ ቀን ቆርጬ ልነግራቸው ሄጄ፣ ስኳር ገዝቼ ተመለስኩ።

እና ልጄ፣ ቋንቋውን ተማር። አይ፣ እሱም አይደለም። እኔ ቃሉ አንድ በአንድ ገብቶኝ ነበር። ያልገባኝ ጥያቄ መሆኑ ነው። እኒያ ሴት የላይኛውን አገር አይተውት አያውቁም፣ ግን ወሬውን ከማን መጠየቅ እንዳለባቸው ያውቁ ነበር። እኔ ዲግሪ ነበረኝ። ስለ ወባና ስለ አጎበር ሌሎች ይንገሩህ። ዝውውሩንም ከፈለግህ ጠይቅ፤ እኔም ጠይቄ ነው የወጣሁት።

በ2016 ጥቅምት ላይ እህቴ ከአዳባ ደውላ ዝናቡ አላስቀምጥ አለን አለችኝ። እንቅልፍ አጣሁ። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ቀላፎ ለሚሠራ ልጅ ደወልኩ። «ወንዙ እየመጣ ነው» አልኩት።

«ሰምተናል፣ ጋሼ» አለኝ እያዛጋ። «ትናንት ከጎዴ ደውለውልናል። እህል እየጫንን ነው የዋልነው።»